መኪና ላንቀሳቅስ ብሎ ለቀረ ወዳጅ

ውድ ወንድሜ ጀንበሬ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «እኔ ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ላንተ መዋሸት ስለማልችልበት በከፊል ደህና ነኝ ልበልህ። ምላሴ ደህና ነው፣ ሆዴ ደህና ነው፣ ፊቴም እንደ ድሮው ነው። ሚስቴ ጀዋሪያ እንደምትለው ከሆነ በሽታው ፊቴን የተወው አይቶ ስላልወደደው ነው። ከአንገቴ በታች ያለው ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ከመሰለህ አትፍረድብኝ። ይህ ደብዳቤ በሐኪም ትእዛዝ የሚጻፍ ነው። ጣቶቼን የምታፍታታልኝ ባለሙያ «በየቀኑ ጥቂት ይጻፉ፤ እስክሪብቶ መያዝ ለጣት ጥሩ ነው» አለችኝ። ምን ልጻፍ ብላት «ደስ ያለዎትን» አለች። እኔን ደግሞ በዚህ ሰሞን ደስ የሚለኝ አንተን መስደብ ነው። ስልክህን ቀይረሃል፤ በድሮው ቁጥርህ ስደውል አንዲት ሴት በሦስት ቋንቋ የለም ትለኛለች። ስለዚህ የመኪናህን ሞተር አጥፋና ተረጋግተህ አንብብ።

የተዋወቅንበትን ቀን መቼም አትረሳውም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ አንድ ሰፈር ወዳለው የጨርቅ ሱቄ ቱታህን እንደለበስክ ገብተህ «ለሚስቴ የሚሆን፣ ቀለሙ እንደ መኪናዬ የሆነ ጨርቅ አለህ?» አልከኝ። የመኪናህን ቀለም በምን አውቃለሁ? ሱቄን አስዘግተህ በሚኒባስ ፔካ 12 ድረስ ወስደህ አሳየኸኝ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሁሉ በተደረደረበት አቧራ መሃል ያንተዋ ብርቱካንማዋ ከሩቅ ትጮኻለች። ጨርቁን አገኘሁልህ። ሚስትህ ዓለምነሽ ቀሚሱን አሰፍታ አንድ ቀን ለብሳው ሁለተኛ እንዳልነካችው የነገርከኝ ብዙ ቆይተህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጭነት በጠበቅክ ቁጥር የምትውለው እኔ ጋ ሆነ። መካ ሳልረግጥ «ሐጂ» ብለህ ሰየምከኝ፣ ሰፈሩም ካንተ ተቀብሎ ሐጂ አለኝ። ረመዳንና ሁዳዴ የገጠሙበትን ጊዜ ታስታውሳለህ? እኔም አልቀምስ፣ አንተም አትቀምስ፣ ሁለታችን አየር ማቀዝቀዣው ፊት ተቀምጠን ስንተያይ ጀዋሪያ «እናንተን ከማስተናገድ ግድግዳውን ባስተናግድ ይሻለኛል» ብላ እህቷ ጋ ሄደች።

ያ ራስ ምታት ሲጀምረኝ ከሁሉ በላይ የተጨነቅከው አንተ ነህ። እኔ ሙቀት ነው እላለሁ፣ ጀዋሪያ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ አንተ ግን «ሞተር ሲጨስ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው» ብለህ አዲስ አበባ ወሰድከኝ። ከወንበርህ ኋላ ባለችው አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው የሄድኩት። ራሴን ለሁለት እየፈለጠኝ አንተ መንገዱን ሙሉ ዘፈንክ።

ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን አንተ በልብህ ይዘኸው እንደምትዞረው ሳይሆን እንደነበረው ልጻፈው። እኔ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ኤምአርአይ የሚያነሣው ባለሙያ መርፌ እያዘጋጀ «ምስሉን የሚያጠራ መድኃኒት ነው» አለና አንተን ጠየቀህ።

«ኩላሊት አለባቸው?»

«ሁለት አላቸው» አልከው። «እስካሁን የጠፋ የለም።»

ባለሙያው ሳቀ። እኔም ጥርሴን ነክሼ ሳቅሁ። ከዚያ «በሽታውን ማለቴ ነው» አለ፤ አንተም «እሱ የለባቸውም» አልክ። የተናገርከው የምናውቀውን ነው። እኔ አላውቅም፣ ጀዋሪያ አታውቅም፤ የሚያውቁት ራሳቸው ኩላሊቶቼ ብቻ ነበሩ፣ እነሱ ደግሞ ዝምተኞች ናቸው። መርፌውን ወጋኝ፣ ማሽኑ ውስጥ ከተቱኝ፣ እንደ ጎማ ቤት ሲቀጠቀጥብኝ ቆይቼ ወጣሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም እንዳልተገኘ ሲነግሩን ደስታህን ማን ይረሳዋል። ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ላገኘኸው ሾፌር ሁሉ «የሐጂን ጭንቅላት አስመረመርኩ፤ ባዶ ነው» ስትል መጣህ።

ግፊት አለብህ ብለው መድኃኒት ሰጥተው ለቀቁኝ። ጅቡቲ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ እግሬ አበጠ፣ ትንፋሼ አጠረ። ያን ጊዜ ነው ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ መቆየታቸው የታወቀው። እጥበት ጀመርኩ። አንተ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀስክ፤ ቀጥለህ «ሳሙና የሚያቀርበው ማነው?» ብለህ ጠየቅክ።

ከዚያ ቆዳዬ ጀመረ። መጀመሪያ እግሬን አሳከከኝ፣ አቃጠለኝ። ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ መሰለ። ቀጥሎ ጠጠረ። ጀዋሪያ ቅባት ልትቀባኝ ጭኔን ጫን ብታደርገው ጣቷ አልሰምጥ አላት። ግራ ገብቷት እንደ በር አንኳኳችው። «ማነው?» አልኳት። አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት፤ መቼም ለቀልድም ጊዜ አለው።

ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ክርኔም ተከተለው። ክንዶቼ በግማሽ ታጥፈው ወደ ፊት ቀሩ፤ ሁልጊዜ የማይታይ የጨርቅ ጥቅል የታቀፍኩ እመስላለሁ። እጄ አፌ አልደርስ አለ። ከሰዓት ጫት ሲመጣ ቅጠሉን ይዤ እስከ አገጬ እሄድና እዚያ እቆማለሁ። ጀዋሪያ «ይህ በሽታ እስካሁን የሠራው መልካም ሥራ ይቺ ብቻ ናት» አለች። ምግቡን ግን ራሷ ታጎርሰኛለች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሆነን አናውቅም። የተናደደችብኝ ዕለት ጉርሻው ስለሚተልቅ መልስ መስጠት አልችልም፤ እሷም የምትፈልገው እሱን ነው።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የባሕር ጨው ነው ይላል፣ አንዱ የአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ ነው ይላል። ውሃ የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ሙሚን «የግመል ስብ ተቀባ» አለኝ። ተቀባሁ። ቆዳዬ አልለሰለሰም፤ የካርቲየ አንድ ድመት ግን አንድም ሳይቀር ሱቄ በር ላይ ተሰለፈ። ልጄ ሐናን መጥረጊያ ይዛ ስታባርር ዋለች።

አንድ ቀን ደግሞ ሐናን አዲስ የመጣውን ሐምራዊ ሺፎን ክንዴ ላይ ጥላው ሌላ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ካለሁበት አልተንቀሳቀስኩም፤ ወዴት እንቀሳቀሳለሁ? ከሀራሙስ ቪላዎች የመጣች የምትመስል፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴትዮ ገባች። ሺፎኑን ዳሰሰች። ክንዴን ዳሰሰች። በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው። ከዚያ ወደ ጓዳው ድምጿን ከፍ አድርጋ በፈረንሳይኛ «ልብስ ማሳያው አሻንጉሊትም ይሸጣል?» ብላ ጠየቀች።

እኔም በፈረንሳይኛ «አይሸጥም እመቤቴ፤ ባለቤቱ ትቆጣለች» አልኳት።

አንድ ጫማዋን ጥላ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም፤ ጫማዋን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠንላታል።

ይህን አሁን እየሳቅኩ እጽፍልሃለሁ እንጂ ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር። ቁምጥና ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ሰው እጄን መጨበጥ ትቶ ነበር። በር ላይ ቆመው «እንዴት ዋልክ ሐጂ» ብለው የሚያልፉት የስንት ዓመት ደንበኞቼ ነበሩ። አንተ ግን እንደመጣህ ሳታመነታ እጄን ይዘህ፣ አገላብጠህ አይተህ «ይቺ እጅ ግድግዳ ገጭታለች፤ ቆርቆሮዋ ተጣሟል» አልክ። ከዚያ እየጎተትክ ወደ ዶክተር ኢስማኤል ወሰድከኝ። ይህንንም እንዳትረሳው እጽፍልሃለሁ። መርፌው ጋ ብቻ አይደለም የወሰድከኝ፤ በሽታዬን ያወቀልኝ ሰው ጋም ያደረስከኝ አንተ ነህ።

ዶክተር ኢስማኤል ከክንዴ ቁራጭ ቆዳ ቆርጦ ለምርመራ ፈረንሳይ ላከ። እኔ ስንት ጊዜ ቪዛ ተከልክዬ ቆዳዬ ብቻውን ፓሪስ ገባ። ውጤቱ የመጣ ቀን አንተ በስተቀኜ፣ ጀዋሪያ ከጀርባዬ ነበራችሁ። ዶክተሩ በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ እኔ ላንተ አስተረጉማለሁ።

«ኔፍሮጀኒክ ሲስተሚክ ፋይብሮሲስ» አለ።

«ንፍሮ ምን?» አለች ጀዋሪያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስሙ ንፍሮ ነው።

ዶክተሩ ቀጠለ። «ከዚህ በፊት ኤምአርአይ ተነሥተው ያውቃሉ? መርፌስ ተወግተው ነበር?» አዎ አልኩት። አስረዳኝ። ምስሉን ለማጥራት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ የቆዩት ዓይነቶች፣ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለባቸው። ደህና ኩላሊት ቶሎ ያስወጣዋል። የደከመ ኩላሊት ግን ሰውነት ውስጥ ያቆየዋል፤ ከስንቱ የኩላሊት ሕመምተኛ መሃል ጥቂቱን ለይቶ ቆዳውን እንዲህ ያደርቅበታል። በዛሬ ጊዜ ብዙ የማይታይ በሽታ ነው አለ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥርቼ አስተርጉሜ አላውቅም። ገበያ ላይ የሚተረጎመውን ግማሹን እንደምዘል ታውቃለህ። ያን ቀን አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ጨርሼ ቀና ብል ፊትህ ኖራ የተቀባ መስሏል።

«መኪናዬን ላንቀሳቅስ» አልክ። «መንገድ ዘግቻለሁ።»

ወጣህ።

ጀንበሬ፣ መኪናህ ፔካ 12 ነበረች። የመጣኸው በሚኒባስ ነው።

እኔ ይመለሳል ብዬ ወንበርህን ሰው እንዳይቀመጥበት ከለከልኩ። ዶክተሩ ሌላ በሽተኛ ማስገባት ሲፈልግ እንኳ «ጓደኛዬ መኪና ሊያንቀሳቅስ ወጥቶ ነው» አልኩት። ይኸው እስካሁን ስታንቀሳቅሳት አለህ።

ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ ቀሪውን ትሰማ ነበር። ጀዋሪያ መቼም ሳትጠይቅ የምትቀር ሴት አይደለችም፤ ያንን «ሁለት አላቸው» ያልከውን ለዶክተሩ ነገረችው። እኔ ነበርኩ ያስተረጎምኩት፣ ለዛው እንዳይጠፋም ተጠንቅቄያለሁ። ዶክተር ኢስማኤል መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀ። «ማንም ያላወቀውን በሽታ ማን ሊናገር ይችላል?» አለ። «ከመርፌው በፊት ደም ተመርምሮ ቢሆን ይታወቅ ነበር፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው፣ የአስታማሚ አይደለም።» ቀጥሎ ያለውን ደግሞ በደንብ አንብበው። «በዚያ የደም ግፊት ቤትዎ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ቆዳ አናወራም ነበር። አዲስ አበባ የወሰደዎት ሰው ማነው?» አለኝ።

ወደ ባዶው ወንበር አሳየሁት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ስጦታ ይጎርፍ ጀመር። ላኪው አይታወቅም። መጀመሪያ ሙዝ በካርቶን መጣ። ቀጥሎ ብርቱካን። ቀጥሎ ድንች በማዳበሪያ። የሚኒባስ ሾፌር ሱቁ በር ላይ ያወርድና «ለሐጂ የተላከ ነው» ብሎ ይፈተለካል። ኩላሊቱ ላልሠራለት ሰው እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። ፖታሲየም የሚባል ነገር አለባቸው፣ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ጀዋሪያ ላኪው ጠላት መሆኑን ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባትም። «ይህ ሰው በሽታህን አጥንቶ ነው የሚልከው» አለች። «ከክልክሉ አንድ እንኳ አልሳተም።» ጥርጣሬዋ በገበያው ጨርቅ ሻጭ ሁሉ ላይ አንድ በአንድ ዞረ። ቲማቲም በሳጥን የመጣ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ተነሣች።

ሐናን በር ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የምትከሺው? ባሌን በቲማቲም ሊገድሉት ነው ብለሽ ነው?»

«በድንችም ጭምር» አለች ጀዋሪያ።

ሁሉንም ጎረቤት በላው። ሙሚን በእኔ በሽታ ወፈረ።

ስትቀር ስትቀር አላስችል አለኝና አንድ ጠዋት ልፈልግህ ወሰንኩ። ሙሚን በፒክ አፑ ሊወስደኝ ተስማማ። ውስጥ መቀመጫው ላይ አልታጠፍ ስላልኩ ከኋላ፣ የውሃ በርሚሉ አጠገብ አቆሙኝና እንዳልወድቅ በገመድ አሰሩኝ። ክንዶቼን ወደ ፊት እንደዘረጋሁ ከተማውን ሳቋርጥ ሰው ሁሉ ምርጫ የደረሰ መስሎት እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም በአገጬ እመልሳለሁ። አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን እየሮጠ ስለ ሰፈሩ ቧንቧ አቤቱታ ነገረኝ። እናያለን አልኩት።

ፔካ 12 ስንደርስ ብርቱካንማዋን ከሩቅ አየኋት። ግንባሯ ላይ ያስጻፍከው «ጀንበር አትጠልቅም» እንዳለ ነው። ከሥሯ ሁለት እግሮች ወጥተዋል፣ ያንኑ ሰማያዊ ቱታ ለብሰዋል፣ ብረት ሲመታ ይሰማል። ሙሚንን ራቅ ብለህ ጠብቀኝ አልኩት። ጎንበስ ብዬ ልይህ ብል ጉልበቴም ወገቤም እምቢ አለ። ስለዚህ ቆሜ ለእግሮችህ አወራሁላቸው።

«ጀንበሬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ብረቱ መመታቱን አቆመ።

«ካልወጣህ አልቆጣም፣ ግን ስማኝ» አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። ዶክተሩ ያለውን ነገርኩህ። በአንተ ተቀይሜ እንደማላውቅ፣ የተቀየምኩት መቅረትህን ብቻ እንደሆነ ነገርኩህ። እጥበት ላይ ስሆን ከጎኔ ያለው ሰውዬ ስለ ፍየሎቹ ሲያወራኝ እንደሚውል፣ እኔ ደግሞ ዓይኔ በር በሩን እንደሚያይ ነገርኩህ። አንድ ሌሊት ቆዳዬ ደረቴ ላይ ሲጠብቀኝ መተንፈስ ያቃተኝ መስሎኝ ለጀዋሪያ እንኳ እንዳልነገርኳት፣ ላንተ ግን ልነግርህ ፈልጌ ስልክህ የለም እንዳለኝ ነገርኩህ። እዚህ ላይ ስደርስ ግራ እግርህ ቀኝ እግርህን ሲያሽ አየሁት። ልቡ ተነክቷል አልኩ በሆዴ። ቀጠልኩ። እንዲያውም ወንድም ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም፤ ወንድሞች አሉኝ፣ አንተ ግን ሱቅ ዘግቼ ያገኘሁህ ነህ አልኩህ።

ከመኪናው ሥር ሳግ ተሰማ። ከዚያ ልቅሶ። ከዚያ አንድ ግዙፍ፣ ጺማም ወጣት በዘይትና በእንባ ተለውሶ እየተንፏቀቀ ወጣ።

«ይቅርታ ሐጂ» አለ። «እኔ እሸቴ ነኝ።»



«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መሃል ላይ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።»

«ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸው?»

«ከመጀመሪያው» አለና አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «የኔም ወንድም ካኮረፈኝ ቆይቷል። አሁኑኑ ልደውልለት ነው።» እውነትም እፊቴ ደወለለት። እያለቀሰ ስላወራው ወንድሙ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ደንግጦ ነበር፤ ሲረጋጋ ታረቁ። እኔ አንተን ልታረቅ ሄጄ የማላውቃቸውን ሁለት ሰዎች አስታርቄ ተመለስኩ።

ጉድህን ሁሉ የነገረኝ የሥራ ባልደረባህ እሸቴ ነው። እንዳልለይህ ብለህ መኪና እንደተቀያየራችሁ ነገረኝ። ብርቱካንማዋን፣ ሚስትህ እንደሷ እንድትለብስ የፈለግካትን መኪና፣ ለሌላ ሰው ሰጥተህ ነጭ ትነዳለህ አሉ። በመጣህ ቁጥር መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠውን ፀዲን «ካርቲየ አንድ ያለው ጨርቅ ሻጭ ሐጂ አለ?» ብለህ እንደምትጠይቃት፣ እሷም ሰልችቷት «ሚኒባሱ እዚያ ነው፣ ሄደህ እየው» እንደምትልህ ነገረኝ። ሙዙም ድንቹም ካንተ መሆኑን ነገረኝ። ለታመመ ሰው ፍራፍሬ ጥሩ ነው ብለህ፣ ለእያንዳንዱ ካርቶን ገበያ ዞረህ በእጅህ እየመረጥክ። ቤት ገብቼ ለጀዋሪያ ስነግራት «ቲማቲሙ ግን ጥሩ ነበር» አለች። አንድ ሳጥን ደብቃ አስቀርታ ኖሯል።

እሸቴ መጨረሻ ላይ የነገረኝ ነው እስክሪብቶ ያስያዘኝ። «ጀንበሬ ቀልድ ትቷል» አለኝ። «ድሮ እሱ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ቦታ አይገኝም ነበር። አሁን ሰው ሲያስቀው ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ‹በአፌ ሰው ገድያለሁ› አለኝ።»

ጀንበሬ፣ የገደልከው ሰው ይህን ይጽፍልሃል። ቆሞ ነው የሚጽፍልህ፤ ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ጠረጴዛው ከፍ ብሎለታል እንጂ እሱ ዝቅ አላለም። ያን ቀን ባትቀልድም መርፌው ይወጋኝ ነበር። ቀልድህ የጨመረው ነገር ቢኖር ስቄ መግባቴን ነው። ማሽኑ ውስጥ ፈርቼ አልነበረም፤ ይህን ነግሬህ አላውቅም። አሁን ስለነገርኩህ ደግሞ ውለታ አድርገህ እንዳትይዘው፤ አዘፋፈንህ እንደሆነ አሁንም ይቅር አልተባለም።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ልንገርህ። ድሬዳዋ ያለችው ታላቅ እህቴ ናዒማ ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ነው። ተመርምራ ልክ ሆኖ ተገኘ። በስልክ ሳመሰግናት «ከልጅነትህ ጀምሮ የኔን ነገር ስትወስድ ነው የኖርከው» አለችኝ። ቀዶ ጥገናው አዲስ አበባ ነው። በረመዳን ማግስት እንገባለን። ዶክተር ኢስማኤል አዲሱ ኩላሊት ሲሠራ ቆዳዬም ሊለሰልስ ይችላል ብሏል፤ ላይለሰልስም ይችላል ብሏል። ጣቶቼ ከወዲሁ ትንሽ ተፍታተዋል፤ ምስክሩ ይህ ደብዳቤ ነው። ትናንት ደግሞ ብቻዬን ጆሮዬን አከክሁ። ጀዋሪያ ጎረቤት ጠርታ አስደገመችኝ።

ፈርቻለሁ። ለጀዋሪያ አልነገርኳትም፣ ለሐናንም አልነገርኳትም። ላንተ እነግርሃለሁ፣ ምክንያቱም አንተ መፍራቴን ሰምተህ ብትስቅብኝ አይከፋኝም። ጀዋሪያ ሴቶቹ ክፍል ናዒማን ታስታምማለች። ወንዶቹ ክፍል እኔ ጋ የሚያድር አንድ ወንድ አስታማሚ ያስፈልጋል ተባልኩ። ከሆስፒታሉ ደውለው ማነው ሲሉኝ ያንተን ስም ሰጥቻለሁ። እሺ በለኝ እያልኩህ አይደለም፤ ያለቀ ነገር መሆኑን ላሳውቅህ ነው። እሸቴ ይህን ደብዳቤ እጅህ ላይ አድርሶ፣ አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ ሊቆም ቃል ገብቶልኛል። ምናልባት አሁን እያለቀሰ ይሆናል፤ ሶፍት ስጠው።

ስትመጣ ይቅርታ እንዳትለኝ፣ እኔም ምንም አልልህም። ሙዝም እንዳታመጣ።

ከማደንዘዣው ስነቃ መጀመሪያ የማየው ፊት ያንተ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ፊትህ አምሮኝ አይደለም። ያንተን ፊት አይቶ ጀነት የገባ የሚመስለው ሰው ስለሌለ፣ በሕይወት መኖሬን ወዲያው አውቃለሁ።

ወንድምህ
ሙጠሊብ
ካርቲየ አንድ፣ ጅቡቲ